በፌስታል የታሰረ ዳቦ

ከአራት መቶ ቤቶች ሰፈር ሴቶች ጋር የተቀያየምኩት በዳቦ ነው። ብዙ ዓመት ሆኖታል። ዳቦ ከልክለውኝ አይደለም፤ ሰጥተውኝ ነው።

እኛ ሰቲፍ ከተማ ውስጥ ዳቦ ከቆሻሻ ጋር አይጣልም። መንገድ ላይ ወድቆ ያየ ሰው አንስቶ ይስመዋል፣ ግንባሩን ያስነካዋል፣ ከዚያ እግር የማይደርስበት ግንብ ላይ ያስቀምጠዋል። እኔም ያደግኩት እንደዚሁ ነው። እናቴ በጦርነቱ ጊዜ የሣር ሥር ቀቅላ የበላች ሴት ነበረች፤ እኛ በልተን ስንነሳ ጣቷን በምራቋ እያረጠበች ከምንጣፉ ላይ ፍርፋሪ ትለቅም ነበር። ስለዚህ ከቤት የተረፈ ዳቦ ለብቻው በፌስታል ይታሰርና ከቆሻሻ ገንዳው ራቅ ብሎ አጥሩ ላይ ይንጠለጠላል። ከብት ያለው ሰው ይወስደዋል። በዚያ ሰፈር ከብት የነበረኝ እኔ ነኝ።

እስከዚህ ድረስ ደግ ነገር ነው። ክፋቱ ቋጠሮው ላይ ነው።

ዳቦ ሳይደርቅ ፌስታል ውስጥ ካሰሩት ያልበዋል። ሁለት ሦስት ቀን ሲያድር አረንጓዴ ጸጉር ያወጣል። የሻገተውንም ቢሆን ገንዳ ውስጥ መጣል ሐራም ነው ይሉና አጥሩ ላይ ይሰቅሉታል። ሐራሙ ከእነሱ ትከሻ ወርዶ ላሜ ሆድ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ደግሞ ዳቦ ርካሽ ነው። የሚበሉትን ያህል ሳይሆን የሚሸከሙትን ያህል ነው የሚገዙት። ረጃጅሙን ዳቦ እንደ ማገዶ አቅፈው ሲገቡ አያቸዋለሁ፤ በረመዳን ደግሞ ይብሳል። የጾመ ሰው ዓይኑ ከሆዱ ይሰፋል። በማግስቱ አጥሩ በፌስታል ተሸፍኖ ይታያል።

ቤታችን ከሕንፃዎቹ በታች ካለው ሜዳ ጫፍ ላይ ነው፤ ያልተለሰነ ጡብ፣ በላዩ ቆርቆሮ። ሜዳው ድሮ የስንዴ እርሻ ነበር። ባሌ፣ ስሙ ለኽዳር ነው፣ ጡብ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ የእሱም ደረት አብሮ ተዘጋ። አንድ ክረምት ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ሴቶች ልጆቻችን አግብተው ርቀዋል። እኔ ብለምነው፣ ብቆጣው፣ የሚወደውን ባበስልለት አልነሳም አለ። በመጨረሻ ከወንድሜ ዘንድ አንዲት ቀይ ጥጃ አመጣሁ። ሐምራ አልናት። በነጋታው ስነሳ ለኽዳር አልጋው ላይ የለም። ወጥቼ ባየው ጥጃዋ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ጆሮዋን ያክካል።

ለእኔ ያልተነሳ ለሷ ተነሳ። አልቀናሁም። ሙሽሪት ነበር የሚላት። ከእንቅልፉ ሲነቃ መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው «ሙሽሪት ጠጣች ወይ?» ነው። ሜዳው ላይ ያሰማራታል፣ ጥላ ይፈልግላታል፣ ሲመሽ እያወራት ይመልሳታል። ትልቅ ላም ሆነች፣ ወለደች፣ ታለበች። ሐምራ አንድ ነገር ከሆነች ይህ ሰው ተመልሶ እንደሚተኛ፣ ከተኛም እንደማይነሳ አውቅ ነበር። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከእሱ ቀድሜ እወጣለሁ። ፌስታሎቹን ከአጥሩ አወርዳለሁ፣ አንድ በአንድ እፈታለሁ፣ ደረቁን ወደ ማዳበሪያው፣ የሻገተውን ለብቻ። የሻገተውን ጉድጓድ ቆፍሬ እቀብር ነበር፤ እኔም ብሆን ገንዳ ውስጥ ለመጣል እጄ አይሄድልኝም ነበር።

ለሴቶቹ ተናግሬያለሁ። በየደረጃው ወጥቼ፣ በር አንኳኩቼ ተናግሬያለሁ። የሚበቃችሁን ግዙ፤ ሱቁ ነገም አለ። የተረፈውን ቆርጣችሁ ጨርቅ ላይ አስጡት፣ ከደረቀ ወር ሙሉ ይቀመጣል፣ ሾርባ ውስጥ ግባ ቢሉት ይገባል፣ ፈጭታችሁ ለሥጋው ማልበሻ ይሆናችኋል። ካልፈለጋችሁት ደረቁን ለእኔ። የሻገተውን ለእኔ አትስጡ። ፌስታል ውስጥ አትቋጥሩት። ይህን ለማስረዳት የተማረ ሰው አያስፈልግም፤ እኔ ራሴ ሦስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት።

ናሲማ የምትባል አንደኛ ፎቅ ያለች፣ ምላሷ የማያርፍ፣ «መባርካ ለላሟ ምግብ ቤት ልትከፍት ነው» አለች፤ መባርካ እኔ ነኝ። «ከዳቦው ጋር ሻይም ላውርድላት?»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከሳቅኩ ይሰሙኛል ብዬ ነው።

ከዚያ የጨርቅ ከረጢት ሰፋሁላቸው። ያረጀ አንሶላ፣ የዱቄት ከረጢት፣ የልጆቼን የድሮ ቀሚስ ሳይቀር ቀደድኩ። አፉ ላይ ማሰሪያ አለው፣ አየር ያስገባል፣ ዳቦ ውስጡ ይደርቃል እንጂ አያልበውም። ለየበሩ አደልኩ። አመሰገኑኝ፣ መረቁኝ። ከጥቂት ቀን በኋላ ስዞር አንዷ የልብስ መቆንጠጫ አድርጋበታለች፣ አንዷ ሽንኩርት። ሐጂያ ዙሊኻ የሹራብ ክሯን ከታበት አገኘሁ።

ስለ ሐጂያ ዙሊኻ መናገር አለብኝ። አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። መካ ደርሳ የመጣች፣ የሞተ ሲገነዝ የምትጠራ፣ የተጣላ ሲታረቅ መሀል የምትቀመጥ ሴት ናት። እሷ ያደረገችውን ሰፈሩ ያደርጋል። ጉልበቷ አልታዘዝ ሲላት ደረጃውን መውረድ ተወች። ዳቦውን አጥር ላይ የሚሰቅልላት ስታጣ ከሰገነቷ ወደ ሜዳው መወርወር ጀመረች። ቢስሚላህ ትላለች፣ ፌስታሉን ትስማለች፣ አፉን ከሹራብ በተረፈ ክር ጥርቅም አድርጋ ታስራለች፣ ዳቦው መሬት እንዳይነካ። ከዚያ ትለቀዋለች። ሌሎቹ ሲያዩ ወደዱት። ደረጃ መውረድ ቀረ፣ ሰደቃውም ቀጥታ ለላሚቱ ደረሰ። ጠዋት፣ ቀትር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጧ ይላል ሜዳው ላይ።

አራተኛ ፎቅ፣ ሐጂያ በር ፊት፣ ደረጃው ላይ ሴቶች ተሰብስበው ሽንብራ ሲለቅሙ አግኝቼ እዚያው መሀላቸው አነሳሁባት።

«ሐጂያ፣ ዳቦውን ከነፌስታሉ አይወርውሩብኝ። ላሟ ቋጠሮ መፍታት አትችልም።»

«አንቺ አለሽላት አይደል?»

«እኔ ባልኖርስ?»

«የት ልትሄጂብን ነው ልጄ? ፓሪስ?»

ሴቶቹ ሽንብራው እስኪደፋ ሳቁ። ሐጂያ ግን ለክፋት አላለችውም። እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ፣ ለለኽዳር ጤና ዱዓ አደረገችልኝ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ክር የታሰረበት ፌስታል ሜዳው ላይ አገኘሁ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ከቢሮ ነን የሚሉ ሰዎች መጡ፣ ጫማቸው የጸዳ። ባለ ሦስት ቀለም ገንዳ አቆሙ፤ አንዱ ለጠርሙስ፣ አንዱ ለፕላስቲክ፣ አንዱ ለሌላው። ፎቶ ተነሱ፣ ንግግር አደረጉ። እኔ ገፍቼ ወደፊት ወጣሁና ዳቦስ የትኛው ውስጥ ነው አልኳቸው። ንግግር ያደረገው ሰውዬ ገንዳዎቹን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ «ሌላው ውስጥ» አለ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሌላው ማለት የሕፃን ሽንት ጨርቅ የሚጣልበት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንን ገንዳ የነካ የለም። ደግሞ ቢነኩትስ? መኪናው ሲመጣ ሦስቱንም አንድ ሆድ ውስጥ ገልብጦ ሄደ፤ ሁላችንም ቆመን አየን። በጋው ሳይገባ አንዱ ገንዳ ተቃጠለ፣ ሁለቱ ጣሪያ ላይ ወጥተው የውሃ ማጠራቀሚያ ሆኑ።

ሐምራ የመጀመሪያው ጥጃዋ ተሸጦ ሁለተኛዋን አርግዛ ነበር። ረመዳን አልቆ ብዙም ሳይቆይ መብላት ተወች። መጀመሪያ ለኽዳር እርግዝናው ነው አለ። ጀርባዋ ጎበጠ። ጥርሷን ታፋጫለች። የግራ ጎኗ ተነፋ፣ በመዳፍ ሲነኩት ከበሮ ይመስላል። ለኽዳር ሆዷን በዘይት አሸላት፣ ወደ ዳገቱ አቆማት፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ አብሯት ቆመ። የእንስሳት ሐኪሟን ጠራሁ። ወጣት ናት፣ ትዕግሥት አላት። እጇን በላሟ ኋላ ከታ፣ ጆሮዋን ጎኗ ላይ አስደግፋ ብዙ አዳመጠች።

«እማማ፣ ሆዷ ውስጥ ያለው ምግብ አይደለም» አለችኝ።

«ይወጣል?»

«ብከፍታት አሁን አትችለውም። ደክማለች። የአንድ ቀን ነገርም አይደለም ይሄ፣ ዓመታት የተጠራቀመ ነው። ሳትሞት ብታሳርዷት ይሻላል።»

ይህን ስትናገር ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ለኽዳር ግን ሰማ። የሐምራን ራስ ይዞ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ ያዞራት እሱ ነው። ሌላ ሰው አይንካት አለ። ሥጋ ቆራጩ ቡዚድ ቢላውን ከኋላው ደብቆ መጣ፣ ላሟ እንዳታየው፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ሆዷን ሲከፍት ግን እሱም ቆመ። የወጣው ነገር እንደ መርከብ ገመድ የተገመደ ፌስታል ነው። ነጭ፣ ጥቁር፣ የመድኃኒት ቤት፣ የኬክ ቤት። ብቻውን ማንሳት አቅቶት እኔ በሌላው ጫፍ ያዝኩለት። ብዙዎቹ ቋጠሯቸው አልተፈታም። ውስጣቸው ዳቦው እንደ ጭቃ ሆኖ ተቀምጧል።

«ይቺ ላም ሱቅ ነው የዋጠችው» አለ ቡዚድ። ከዚያ ለኽዳርን አየና ወደ ሥራው ተመለሰ። ጥጃዋን ለብቻ አውጥቶ ማዳበሪያ አለበሳት። ጸጉር አብቅላ ነበር፣ ቀይ።

ለኽዳር ገመዱን ረዥም ጊዜ አየው።

«ስታመሰኳ እያየሁ ሣር መስሎኝ ነበር» አለ። ይህን ብሎ ገባና ተኛ።

ፌስታሎቹን በውሃ አጠብኳቸው። ለምን እንዳጠብኩ አላውቅም፤ እጄ ሥራ ፈልጎ ይሆናል። ከመሀላቸው አረንጓዴ የሹራብ ክር የታሰረባቸው ወጡ። ከእነሱ አንዱን በሳፋ ይዤ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ሐጂያ ዙሊኻ ምንጣፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሳፋውን ፊቷ አስቀመጥኩ።

«ይሄ ክር የማን ነው ሐጂያ?»

መነጽሯን ፈልጋ አደረገች። ጎንበስ ብላ አየችው።

«የኔ ነው። የልጅ ልጄ ሹራብ ክር ነው።»

«ከሐምራ ሆድ ነው የወጣው።»

ክሩን በጣቷ ነካችው፣ ቋጠሮውን ፈታችው፣ ውስጡን አየች። ፊቷ ተለወጠ። አሁን ገባት ብዬ ነበር።

«ዳቦው እንዲህ ሆነ?» አለች። «ስሜ ነበር እኮ የጣልኩት። ሳልስም ጥዬ አላውቅም።»

«ላሟ ናት የሞተችው ሐጂያ።»

«እኔ ለነፍሴ ብዬ ነው መባርካ። ለክፋት አይደለም።»

«አውቃለሁ። ለክፋት ቢሆን ኖሮ ያቆሙ ነበር።»

አለቀሰች። የውሸት ለቅሶ አልነበረም። ስወጣ በሩ ድረስ በጉልበቷ እየተጎተተች ሸኘችኝ።

ለቅሶ ሊደርሱን ሴቶቹ መጡ። ለላም ለቅሶ አይደረስም፤ እኛ ግን ሰው እንደሞተብን እንደሆንን ገብቷቸዋል፣ ይህን አልክድም። ኩስኩስ በትሪ ይዘው መጡ፤ ዳቦ ደግሞ በክንድ በክንድ። ለሁለት ሰው ቤት ሠርግ የሚመልስ ዳቦ። ናሲማ እንኳ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ለኽዳር ከአልጋው አልተነሳም፤ በሩ ላይ ሆነው ሰላም ብለውት ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ እጁን ብቻ አነሳላቸው። ሲሄዱ የተረፈውን ዳቦ አየሁት። ቆራርጬ አሰጣሁት። ለማን እንደማሰጣ ሳስበው ላሟ የለችም።

ጥቂት ቀን ምንም አልወረደም። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ጧ አለ።

ለኽዳር ራሱን ከትራሱ ቀና አደረገ። «የሙሽሪት መጣ» አለ። ከዚያ ትዝ ሲለው ራሱን መልሶ ጣለ።

ወጥቼ ያየሁት ፌስታል ከሁለተኛ ፎቅ የወረደ ነበር። በማግስቱ ሌላ ወረደ። ከዚያ ያ ክር ያለበት መጣ፤ አሁን አረንጓዴው አልቆ ቢጫ ሆኗል። ወደ ላይ ወጣሁ።

«ሐጂያ፣ ላም የለኝም።»

«አውቃለሁ ልጄ። ለወፎች ነው።»

«ወፍ ቋጠሮ ይፈታል?»

«ሲሳያቸውን የሚያደርሰው እሱ ያውቃል» አለች፣ ወደ ላይ እያየች። አልተጣላኋትም። ከእሷ ጋር ለመጣላት ጉልበት ያስፈልጋል፣ የእኔ ጉልበት ደረጃው ላይ አለቀ።

ሜዳው ሞላ። ውሻ መጣ፣ አይጥ መጣ። አይጡ ከሜዳው ወደ ቤታችን ገባ። ይህንንም እችለው ነበር። ያልቻልኩት ድምፁን ነው። በወደቀ ቁጥር ለኽዳር ራሱን ቀና ያደርጋል። አይናገርም አሁን፤ ቀና ይልና ያዳምጣል፣ ከዚያ ይመልሳል። ምግብ አፉ ላይ ይዤለት ቀና ይላል፤ መድኃኒት ውጦ ሳይጨርስ ቀና ይላል። አንገቱ እንደ ዘንግ ቀጥኗል። መስኮቱን ዘጋሁ፣ በብርድ ልብስ ሸፈንኩት። ይሰማል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሴቶቹ ሁሉ ሰገነት ላይ ልብስ ሲያነሱ፣ ማዳበሪያ ይዤ ሜዳውን ዞርኩ። ያገኘሁትን ሁሉ ለቀምኩ። አሮጌው የቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ተቀመጥኩና እያንዳንዱን ፌስታል ፈታሁ። ፌስታሉን በአንድ በኩል፣ ዳቦውን በሌላ በኩል። ዓመታት የሠራሁት ሥራ ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜ እችለዋለሁ። ሲያልቅ አንዱን ዳቦ አነሳሁ። እጄ ሳላዝዘው ወደ አፌ ወሰደው፤ ሳምኩት። ከዚያ ገንዳው ውስጥ ወረወርኩት፣ ከሽንት ጨርቁና ከዓሣው አጥንት ጋር። ሁለተኛውን አልሳምኩትም። የቀረውን ማዳበሪያውን ገልብጬ ደፋሁት።

ሰገነቶቹ ላይ ልብስ የያዘ እጅ እንደያዘ ቀረ። ከዚያ የሐጂያ ዙሊኻ ድምፅ መጣ፣ ስሜን እየጠራ፣ እየተሰበረ። ቀና ብዬ አላየኋትም።

ወረዱ። በሁሉም ደረጃ ወረዱ፣ ነጠላ ጫማቸውን ሳያስተካክሉ። ናሲማ መጀመሪያ ደረሰች፣ ሌሎቹ ተከተሉ፣ በመጨረሻ ሐጂያ ዙሊኻ ግድግዳውን ይዛ፣ እያቃሰተች፣ ላብ በላብ ሆና ከበሩ ወጣች። ከስንት ዓመት በኋላ ነው መሬት የረገጠችው። ለሐምራ አልወረደችም ነበር።

«መውረድ ይችላሉ ለካ ሐጂያ» አልኳት።

«እናትሽ ይህን ብታይ ምን ትላለች?»

«ታለቅስ ነበር።»

«አንቺስ አታለቅሺም?»

«እኔ ጨርሻለሁ።»

እጅጌያቸውን ሰብስበው ገንዳው ውስጥ ገቡ። የሻገተውን ሳይቀር አወጡት፣ በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ሳሙት፣ ግንባራቸውን አስነኩት። አንዷ ዓሣ የተጣበቀበትን ስትስም አየኋት። አልከለከልኳቸውም። ወጥቶ ሲያልቅ አንዷ ወደ ቤቷ ሮጣ አዲስ ፌስታል አመጣች። ዳቦውን ከተቱ፣ አፉን ጥብቅ አድርገው አሰሩ፣ አጥሩ ላይ ሰቀሉት፣ እኔ እንዳልደርስበት ከፍ አድርገው።

ስገባ ለኽዳር ነቅቶ ነበር። ጩኸቱን ሰምቷል። ምን እንደሆነ ነገርኩት።

«በእጅሽ?» አለ።

«በእጄ።»

ይቆጣኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጣኝ ደስ ይለኝ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

ጠዋት መኪናው ከመምጣቱ በፊት ወንበር ይዤ ወጣሁ። የሰቀሉትን አወረድኩ፣ ቋጠሮውን ፈታሁ፣ ዳቦውን ገንዳው ውስጥ ደፋሁት። አሁን የሚያናግረኝ የለም፤ ሰላምታዬንም አይመልሱም። እነሱ ይሰቅላሉ፣ እኔ አወርዳለሁ። ዛሬም አውርጃለሁ።